ከሰሉን ከድንኳኑ አውጡልኝ፦ ባሌ ተራራ ላይ ስታድሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሰው ባሌ ሊሄድ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ዝናብ አለ እንዴ?" ብሎ ነው፣ የለም ስለው ደስ ይለውና አንድ ስስ ጃኬት ይዞ ከች ይላል። ሳነቴ ላይ፣ ማለትም ፓርኩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ፣ ሌሊቱ የሚከፋው ክረምት ላይ አይደለም፣ በጋ ላይ ነው። ክረምት ደመናው የቀኑን ሙቀት ትንሽም ቢሆን ይይዘዋል፣ ከህዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ፀሐይ ከገባች በኋላ የመሬቱ ሙቀት ወደ ሰማይ አምልጦ ያልቃል፣ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ድንኳናችሁ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ቀን ላይ ደግሞ በቲሸርት ነው የሚኬደው፣ ፊት የሚልጥ ፀሐይ ነው ያለው፣ እሱ ነው ሰውን የሚሸውደው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። ከሰል። ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ "ፍሙ ለምን ይባክናል" ብሎ ምድጃውን አንጠልጥሎ ድንኳን ውስጥ የሚገባ ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም። ስትናገሩት መልሱ አንድ ነው፦ "ጭሱ እኮ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው የቀረው።" ወንድሜ፣ የሚገድልህ ጭሱ አይደለም! የሚገድልህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አያቃጥል፣ ከቀላው ፍም አመድ ከለበሰውም ይወጣል። ደምህ ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ እዛ ላይ ደግሞ 4,000 ሜትር አካባቢ ስለሆንክ የምትተነፍሰው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ በጎደለው ላይ ነው የምትቀንሰው። "ዚፑን ትንሽ ከፈት አደርገዋለሁ" የሚለውንም ሰምቻለሁ። እንቅልፍ ከወሰደህ በኋላ ማን ይከፍተዋል? ብርዱ ሲገባ ጓደኛህ ነው የሚዘጋው።

አንዴ ሳነቴ ላይ ከመንገዱ ብዙም ሳንርቅ ሰፍረን አንዱ ልጅ ማታ ወጥቶ ያስመልሰዋል። ራሴን አሞኛል አለ፣ ጓደኞቹ "ከፍታው ነው" ብለው የራስ ምታት ክኒን ሰጡት፣ ውኃ አጠጡትና ተመልሶ ሊተኛ ሲል ነው የደረስኩት። ዚፑን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፣ ምድጃው ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ አብራው ያለችው እህቱ ስሟን ስጠራት "እ... እ..." ትላለች እንጂ ዓይኗን አትገልጥም። ጎትተን አወጣናት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን አየር ላይ አስቀመጥናት፣ ከዛ ሁለቱንም በመኪና ወደ ጎባ ሆስፒታል ይዘናቸው ወረድን። ተርፈዋል። ግን ነገሩ ገባችሁ አይደል? ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መድከም፣ የከፍታ ሕመምም የከሰል መርዝም ሲጀምር አንድ ዓይነት ነው፣ እና ሁሉም ሰው ከፍታው ላይ ያሳብብና ሰውየውን መልሶ ምድጃው አጠገብ ያስተኛዋል። ድንኳን ውስጥ በጋዝ ምድጃ ማብሰልም ያው ነው፣ አትከራከሩኝ።

"ታዲያ በምን እንሙቅ?" ውኃ አፍሉና ጠንካራ ኮዳ ውስጥ አድርጉት፣ ወፍራም ካልሲ አልብሱትና እግራችሁ ሥር ወይ ጭናችሁ መሃል ያዙት፣ ለሰዓታት ይቆያል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን አይሆንም፣ የፈላ ውኃ ሲነካው ተኮማትሮ ስሊፒንግ ባጋችሁን ያርሰዋል።

ሌላው ወደ ላይ ብቻ መደረብ ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ከላይ፣ ከታች ባዶ መሬት። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በያዘው አየር ነው፣ ስትተኙበት ከሥራችሁ ያለው ይደፈጠጥና አየር አይኖረውም፣ ብርዱ ከመሬት ቀጥታ ወገባችሁ ይገባል። ስለዚህ አንድ ትርፍ ብርድ ልብስ ካላችሁ ከሥር ይነጠፍ። ከመርካቶ ጠጠር ያለ ስፖንጅ አስቆርጣችሁ ብትመጡ ውስጡ ብርድ መከላከያ ከሌለው የሚነፋ ፍራሽ የተሻለ ያሳድራችኋል፣ ያ የሚነፋው ውስጡ አየሩ እንደ ልቡ ስለሚዘዋወር ሙቀታችሁን ወደ መሬት ያወርደዋል። ሳር አጭዶ መጎዝጎዝ የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ግቢያችሁ አይደለም።

ጂንስ አትልበሱ። ጥጥ ላብም ዝናብም ሲነካው ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነታችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ጋቢም ጥጥ ነው፣ አውቃለሁ ትቆጣላችሁ፣ ደረቅ ሆኖ እሳት ዳር ሲለበስ የሚያህለው የለም፣ ግን ጤዛ ከጠጣ በኋላ የምትሸከሙት ውኃ ነው። የመንዝ ባና ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፣ የበግ ፀጉር እርጥብም ሆኖ ያሞቃል። ለሌላው ሰልባጅ ተራ ሂዱ፣ ጥሩ ፍሊስ በርካሽ ይገኛል፣ አዲስ የካምፕ ልብስ ካልገዛሁ ብላችሁ ደሞዛችሁን አትጨርሱ። ዋናው ነገር ሲመሽ ቀን ያላባችሁበትን ልብስ በሙሉ፣ ካልሲውን ጨምሮ፣ አውልቃችሁ በደረቅ መቀየር ነው፣ ሳይበርዳችሁ በፊት።

ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስቶ በዛው ቀን ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ላይ ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ እዛው ሳነቴ ማደር፣ እሱንም ተዉት። መኪና አናቱ ድረስ ስለሚወጣ ሰውነታችሁም አብሮ የወጣ ይመስላችኋል። የመጀመሪያዋን ሌሊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ እደሩ፣ 3,100 ገደማ ነው፣ በማግስቱ ውጡ። ቀለል ያለ ራስ ምታት ያለበት ሰው አርፎ ይታያል፣ እየተንገዳገደ የሚሄድ ወይም የሚቀባዥር ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል፣ ጠዋት ይነጋል ተብሎ አይጠበቅም።

አረቄ አያሞቅም። ደሙን ወደ ቆዳችሁ ያመጣውና የሞቃችሁ ይመስላችኋል፣ ውስጣችሁ ግን ሙቀት እያጣ ነው።

ምስርና ባቄላ ይዛችሁ አትምጡ፣ እዛ ላይ ውኃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ይንተከተካል እንጂ ቶሎ አይበስልም፣ ጋዛችሁ ያልቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቀድሞ የበሰለ ነገር። ጋዙ ራሱ ቡቴን ብቻ ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እሳቱ ይደክማል፣ ማታ ቆርቆሮውንም ስልካችሁንም ይዛችሁት ተኙ።

እሳት ሬንጀሩ ካሳያችሁ ቦታ ውጪ አይነድም። አስታው፣ ያ የደጋው ቁጥቋጦ፣ በበጋ እንደ ክብሪት ነው።

ውሻ ደግሞ ቤት ይቅር። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ በተደጋጋሚ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከውሻ የሚመጣበት ነው። "የኔ ተከትቧል" ብሎ የተከራከረኝ ሰው ነበር፣ ለእብድ ውሻ ቢከተብም ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ በሽታ አለ፣ እሱም ከውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል። በቃ ጎረቤት ጋ አስቀምጡት።