የሞተር ሳይክል ማርሚታ አቀያየር፦ በደጋና በቆላ መካከል ለሚመላለስ ነጂ

የሞተር ሳይክልን ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማብረጃ፣ ቀይሮ ድምፁን ማሳመር በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ጉልበቱ መጨመር አለመጨመሩ ግን የሚወሰነው በአብዛኛው አየርና ቤንዚን በሚደባልቀው ክፍል፣ በካርቡሬተሩ ነው። ይህ ነገር የሰሜን ሸዋን ነጂ በተለይ ይመለከተዋል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት የሚገባ ሰው 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ ሞተሩ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት አየር ይስባል።

የፋብሪካው ማርሚታ በውስጡ የተከፋፈሉ ክፍሎችና አጫጭር ቱቦዎች አሉት። ጭሱ በእነዚህ እየተመላለሰ ሲወጣ ድምፁ ይሰበራል፤ መውጫው ግን ጠበብ ይላል። ለመቀየሪያ የሚሸጠው አብዛኛው ማርሚታ ደግሞ በመሐሉ የተበሳሳ ቀጥ ያለ ቱቦ ያለው ሲሆን፣ ቱቦው ሙቀት በሚችል የመስታወት ጥጥ ተጠቅልሏል፤ ቀጭኑን ጩኸት ጥጡ ውጦ ወፍራሙን ድምፅ ያስቀራል። ውስጡ ተፈልቅቆ ባዶ የቀረ ማርሚታ ግን ድምፁ ከመጮህ በቀር አያምርም፤ ስለዚህ የፋብሪካውን መብሳትም ሆነ ባዶ ማድረግ አልመክርም። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ባለው ባለአራት ምት ሞተር ላይ ማርሚታ ብቻውን የሚጨምረው ጉልበት ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ቱቦው ከልክ በላይ ከሰፋ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሰው አፈናጦ የጣርማ በርን ዳገት ለሚወጣ ነጂ ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው አቅም ነው። በመሆኑም ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የሚነሳው ቱቦ እንዳለ ቀርቶ ማርሚታው ብቻ ቢቀየር ይሻላል፤ የአዲሱ መግቢያም ከቱቦው ውፍረት ጋር ልክ መሆን አለበት። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያለ ባለሁለት ምት ሞተር ያለው ሰው ግን የጭስ ማውጫውን ባይነካ ይመረጣል፤ የቱቦው ሆድ ቅርጽና ርዝመት ከሞተሩ ጋር ተሰልቶ የተሠራ ስለሆነ በሌላ ሲተካ ጉልበቱ ይወርዳል።

ሥራው የሚጀመረው በዋዜማው ነው። ቱቦውን ከቴስታታው ጋር የያዙት ሁለት ዳዶዎች በሙቀትና በዝናብ ዝገው ስለሚጣበቁ፣ በሽቦ ብሩሽ ተጠርገው ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ተደባልቆ ይቀባቸዋል፤ እንደዚያው ሆነው ያድራሉ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ፣ ዳዶው እንቢ ሲል መፍቻው ላይ ቱቦ ጨምሬ ስገፋው፣ በቴስታታው ላይ የተተከለው ብሎን ከሥሩ ተቆርጦ ቀረ። ቀሪውን በመሰርሰሪያ ለማውጣት ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ አሉሚኒየሙ ለስላሳ በመሆኑ መሰርሰሪያው ትንሽ ቢስት ኖሮ ጥርሱ ይበላሽ ነበር።

በማግስቱ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ወይም በ12 ቁጥር መፍቻ፣ መጀመሪያ የፊቶቹ ዳዶዎች ይላላሉ። ከዚያ ማርሚታው በአንድ እጅ ተደግፎ የኋላው ብሎን ይወጣል። በቴስታታው አፍ ውስጥ ጭስ እንዳያፈስስ የሚያሽግ የተጨፈለቀ የቀለበት ጓርኒሲዮን ይገኛል፤ እሱን በጠፍጣፋ ነገር ፈልቅቆ አውጥቶ በአዲስ መተካት ግድ ነው፤ አንዴ የተጨፈለቀ ቀለበት ዳግመኛ አይገጥምም።

አዲሱ ሲገጠም ሁሉም ብሎን በጣት ብቻ ይያዛል። ቀጥሎ የፊቶቹ ሁለት ዳዶዎች ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጠብቃሉ፤ የኋላው ብሎን የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቱቦው ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ውሎ አድሮ በብየዳው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ እጅን ሳያስነኩ ወደ መጋጠሚያው ቢያስጠጉ የሚያፈስስ ጭስ ትር ትር ሲል ይሰማል፤ ቆይቶም በዙሪያው ጥቁር ጥላሸት ይታያል። ጋዝ ሲለቀቅ ማርሚታው ውስጥ ጧ ጧ የሚለው ድምፅም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ፍሳሽ ነው፤ መጋጠሚያው ደህና ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው።

በደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ክፍት ማርሚታ ደግሞ ድብልቁን ስለሚያሳሳው ሁለቱ ይካካሳሉ፤ ሞተሩም የቀለለውና የነቃ ይመስላል። ነጂው በዚህ ተደስቶ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ግን አየሩ ወፍሮ ይጠብቀዋል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ሲብስም ቫልቩና ፒስተኑ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ካርቡሬተሩ መስተካከል ያለበት ለቆላው ነው፤ ደጋ ላይ ቤንዚን ትንሽ ቢበዛ ጉዳቱ ጥላሸትና ወጪ ብቻ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው ዳገት ጥቂት ተነድቶ፣ ሞተሩ እዚያው ጠፍቶ፣ ቀዝቀዝ ሲል ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ይፈታና ጫፉ ይታያል፦ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ ግን አንሷልና ዋናው ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለቀዳዳ ብሎን) ወደሚቀጥለው ትልቅ ቁጥር ይቀየራል። የስራ ፈት ድብልቁን ብሎን ብቻ ማዞር ለዚህ አይበቃም፤ እሱ የሚቆጣጠረው ጋዝ ባልተሰጠበት ጊዜ ያለውን ድብልቅ ነው።

የሙቀት መከላከያ ሽፋን የሌለው ማርሚታ ባይገዛ ይሻላል። በመንዝ መንገድ ባና የሚባለውን የሱፍ ልብስ የደረበ ሰው ከኋላ ሲፈናጠጥ ጫፉ ወርዶ ቱቦው ላይ ያርፋል፤ ሱፍ ሲያር የሚሸተው ሽታ እስኪመጣ ድረስም ማንም ልብ አይለውም። የገበያ ቀን ጭነት የያዙ በቅሎዎችና አህዮች ሲያጋጥሙም ጋዙን ለቆ ማለፍ ያስፈልጋል፤ የደነበረ በቅሎ ባለቤቱን ገደል ሊከት ይችላል።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ጓርኒሲዮኑ ስለሚተኛ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ዳዶዎቹ እንደገና ይጠብቃሉ። በማርሚታው ሆድ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳም በጭቃ እንዳትደፈን በክረምት በሽቦ መጠረግ አለባት፤ በደጋ ብርድ በአጭር ጉዞ ውስጡ የሚጠራቀመው ውኃ የሚወጣው በእሷ ነው።