የዲኤክስና የ86 የኋላ ዲፈረንሻል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥቂት የቆመ ሰው ዲኤክስ ሳያይ አይመለስም። ቶዮታ ይህን የኮሮላ ትውልድ፣ ማለትም ኬኢ70ን፣ የኋላ ጎማው እንዲገፋው አድርጎ ነው የሠራው። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተው ስፖርታዊው ዘመዱ ኤኢ86ም እንዲሁ ነው። የሁለቱም የሞተር ኃይል ጎማ ላይ የሚደርሰው በኋላው ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች በሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን በኩል ነው። ይህ ክፍል ጠንካራ ነው፤ በአግባቡ ከተገጠመና ዘይቱ ካልጎደለ ከሞተሩ የበለጠ ዕድሜ አለው። እዚህ ጎንደር ተፈትቶ የማየው ዲፈረንሻል ግን አብዛኛውን ጊዜ እርጅና የጣለው አይደለም፤ ሳይለካ፣ በግምት የተገጠመ ነው።

ኮሮናን ከአንዱ መኪና፣ ፒኞንን ከሌላው ማምጣት

ከስህተቶቹ ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ኮሮና (ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ) እና ፒኞን (እሱን የሚያዞረው ትንሹ) ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፋጭተው የሚወጡ ጥንድ ናቸው፤ የአንዱ ጥርስ የሌላውን ቅርጽ ይዞ ተስተካክሏል። ከኮሮናው ሁለት ሦስት ጥርስ ሲሰበር ግን ኮሮና ብቻውን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ተገዝቶ ይመጣል። የጥርሱ ብዛት እኩል ስለሆነ ይገጥማል፤ ይዞራልም።

ከአዘዞ የመጣ አንድ ዲኤክስ እንዲህ ተሠርቶ ነበር። ስንከፍተው የኮሮናው ጥርሶች በሰፊው ጫፋቸው በኩል ተበልተው ያብረቀርቁ ነበር፤ በጠባቡ ጫፍ በኩል ግን የፋብሪካው ግራጫ መልክ እንኳ አልተነካም። ሸክሙን ሁሉ ይዞ የቆየው የጥርሱ ሲሶ ብቻ ነው። ባለቤቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ይሰማው የነበረው ዋይታ ከዚሁ የመጣ ነው። ከጥርሱ የረገፈው የብረት ብናኝም ዘይቱ ውስጥ ሲዞር ኩሽኔታዎቹን ሁሉ በልቷል። በአንድ ኮሮና ዋጋ ሊድን የታሰበው ገንዘብ በእጥፍ ወጣ። በሁለቱም ላይ የተቀረጸውን የጥንድ ቁጥር አመሳክረው ይግዙ፤ ካልተመሳሰለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ሙሉ ጥንድ ሲገዙም የኮሮናውን ጥርስ ቆጥረው ለፒኞኑ ያካፍሉ። 43 ለ10 ከሆነ 4.3 ነው፤ 41 ለ10 ከሆነ 4.1። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ወደ ቁስቋም ዳገት በቀላሉ ይወጣል፤ በሜዳ መንገድ ግን ሞተሩ ይበልጥ ይዞራል። የእነዚህ መኪኖች የፍጥነት መለኪያ የሚነዳው ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ስለሆነ የዲፈረንሻሉ ቁጥር ሲቀየር መለኪያው ይዋሻል።

መጠኑን ሳይለኩ መግዛት

የቶዮታ ዲፈረንሻል የሚጠራው በኮሮናው ስፋት በኢንች ነው። ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተሩ 86 የሚይዘው 6.7 ኢንች ነው፤ ደካማ ሞተር ያለው ወንድሙ ኤኢ85 ደግሞ አነስተኛውን 6.38። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ «የ86 ነው» የሚል የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም። ዲኤክሱ ላይ የበረታ ሞተር ጭኖ ዲፈረንሻሉን እንደነበረ መተው የባሰ ነው። የዲኤክስ ዲፈረንሻል 1,290 ሲሲ ለሆነው ለአራት ኬ ሞተር ልክ የሆነ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጫንበት መጀመሪያ የሚሰበረው ኮሮናና ፒኞኑ፣ ወይም መሃል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ናቸው።

አሮጌውን የፒኞን ቱቦ መልሶ መጠቀም

በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል ስስ የብረት ቱቦ አለ። ዳዶው ሲጠብቅ ይህ ቱቦ በመጠኑ ይጨማደድና ኩሽኔታዎቹን በልክ ወጥሮ ይይዛል። አንዴ የተጨማደደ ቱቦ ሁለተኛ አይወጥርም። እንዲህም ሆኖ የፊት ዘይት ማገጃውን ጎማ ለመቀየር ብቻ ዳዶው ይፈታና «እንደነበረ» ተብሎ በጉልበት ይጠብቃል። ሲላላ ፒኞኑ ይጫወታል፤ ሲበዛ ኩሽኔታው ይቃጠላል።

ልኩን ለማግኘት ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ኮሮናው ከመግባቱ በፊት ክር ፒኞኑ ጫፍ ላይ ባለው ፍላንጅ (ክብ ማያያዣ) ላይ ጠምጥመው በመንጠቆ ሚዛን ይሳቡት። ክሩ የተጠመጠመበት ከመሃል 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ሚዛኑ ፒኞኑ እየዞረ 3 ኪሎ ካሳየ ልኩ 12 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር ያስተያዩ፤ ለአዲስና ለአሮጌ ኩሽኔታ የተሰጠው ልክ እንደሚለያይም አይርሱ። ዳዶውን ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ ልኩን ካለፉ መልሶ ማላላት መፍትሔ አይደለም፣ ሌላ ቱቦ ያስፈልጋል። በመጨረሻም የዳዶውን ከንፈር ፒኞኑ ላይ ወዳለው ቦይ መትተው ይቆልፉት።

ኮሮናውን በነበልባል ማሞቅ

ኮሮናው ቤቱ ላይ ጠብቆ ስለሚገባ መሞቅ አለበት። በብየዳ ነበልባል ሲሞቅ ግን የጥርሱ ጥንካሬ ይሄዳል። የሚፈለገው ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ከ110 ማለፍ የለበትም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የፈላ ውሃ ድስት ኮሮናውን በቂ ያሰፋዋል፤ ሊያቃጥለው ደግሞ አይችልም። ከውሃው ሲወጣ በደንብ ደርቆ፣ ብሎኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ተራ በተራ ይጥበቁ።

ክፍተቱን በእጅ ስሜት መገመት

ቶዮታ በኮሮናና በፒኞን ጥርስ መካከል የሚፈቅደው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት የፀጉር ዘለላ ቢደራረብ ያህል። ይህን የሚለይ ጣት የለም፤ የሰዓት መልክ ያለው ባለ ቀስት መለኪያ ብቻ ይለየዋል። ክፍተቱን ሲያስተካክሉ በአንዱ ጎን ያለውን ማስተካከያ ዳዶ አንድ ጥርስ ቢያላሉ ሌላውን አንድ ጥርስ ያጥብቁ፤ የጎን ኩሽኔታዎቹ ውጥረት ሳይለወጥ ኮሮናው ብቻ ይሄዳል። የኩሽኔታ ክዳኖቹን ሲፈቱ ግራና ቀኙን ምልክት ያድርጉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ቀጥሎ ሦስት አራት የኮሮና ጥርሶች ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው በሁለቱም አቅጣጫ ያዙሩ። ቀለሙ የተነሣበት ቦታ ሁሉን ይናገራል። ንክኪው ወደ ጥርሱ ሰፊ ጫፍ ወይም ወደ አናቱ ከሄደ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል፤ ከፒኞኑ ኩሽኔታ ሥር ወፈር ያለ ሮንዴላ ይግባ። ወደ ጠባቡ ጫፍ ወይም ወደ ጥርሱ ሥር ከሄደ ስስ ሮንዴላ ነው የሚያስፈልገው። መሃል ላይ እስኪያርፍ ድረስ መፍታትና መግጠም አሰልቺ ነው፤ ግን ሥራው ይኸው ነው።

የካምቢዮ ዘይት ለዲፈረንሻል፣ የዲፈረንሻል ዘይት ለካምቢዮ

ፒኞኑ ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ በከባድ ጫና እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ይህን የሚችለው ጂኤል-5 የተባለው ደረጃ ነው፤ 80ደብሊው-90 የተባለው ውፍረት ለደባርቅ ብርድም ለመተማ ሙቀትም ይሆናል። ያንኑ ዘይት ካምቢዮ ውስጥ መጨመር ግን የማርሽ ማመሳሰያ ቀለበቶቹን ሊጎዳ ይችላል። ጩኸት ለመደበቅ ግሪስ የሚጠቀጥቁ ሻጮች አሉ፤ ሲገዙ መሙያውን ብሎን ከፍተው ጣትዎን ያስገቡ። የዘይቱ ልክ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታች ከንፈር ነው፤ የሚለካውም መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ እንጂ ዳገት ላይ አይደለም።

በአክስሉ አናት ላይ ያለች መተንፈሻም አትረሳ። በክረምት ጭቃ ስትደፈን የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በአክስሉ ጫፍ በኩል ወደ ፍሬን ሸራ ይገፋል። ማገጃ ጎማ ደጋግሞ ከመቀየር በፊት እሷን ማጽዳት ይቅደም።

ዲፈረንሻሉን መበየድ

ለመንሸራተት ሲሉ የመሃሉን ጥርሶች የሚበይዱ ወጣቶች አሉ። የተበየደ ዲፈረንሻል በመታጠፊያ ሁለቱን ጎማ በግድ እኩል ያዞራል፤ አክስሉ ይጠመዘዛል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም የመኪናው ኋላ ሳይታሰብ ያመልጣል። በሊማሊሞ መጠማዘዣ ይህ ሕይወት ያስከፍላል። በአንዳንድ 86 ላይ የተገጠመው መንሸራተት የሚገድበው ዲፈረንሻል ይህንኑ ሥራ በልክ ይሠራል። ሻጭ አለው ካለ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንሥተው፣ ካምቢዮውን ነፃ አድርገው አንዱን በእጅ ያዙሩ። ሌላው በዚያው አቅጣጫ ከዞረ አለው፤ በተቃራኒው ከዞረ ግን ተራው ነው ወይም ውስጡ ያሉት ሸራዎች አልቀዋል። ካለው ደግሞ ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ይግባበት፤ በተራ ዘይት ሲሠራ በመታጠፊያ ይንቀጠቀጣል፣ ሸራዎቹም ቶሎ ያልቃሉ።