ስለ መስቀሉና ስለ ይቅርታ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ እርቅ ባዕድ ነገር አይደለም። ደም የፈሰሰበት ጠብ እንኳ ቢሆን አበጋሮች፣ ማለትም የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ይገቡበታል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ተቀምጦ ያስታርቃል። የእግዚአብሔር ይቅርታ ሲነሳ ግን ብዙ ነገር ይጣመምብናል፤ በተለይ ልጆች ስናስተምር። እኔን የሚያንገበግቡኝን ልንገራችሁ።

አብ ተቆጣ፣ ወልድ አባበለው ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አብ ሊያጠፋን እጁን ሲያነሳ ወልድ መሀል ገብቶ እንደተመታልን አድርገው የሚያስተምሩ አሉ። ልጁም ኢየሱስን እየወደደ፣ አብን ግን እየሸሸ ያድጋል። ወንጌሉ እኮ «እንዲሁ ወዶአልና» ነው የሚለው (ዮሐንስ 3፥16)። ፍቅሩ ቀደመ፣ መስቀሉ ተከተለ። ጳውሎስም እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ ነበር አለ እንጂ ክርስቶስ አብን አለዘበልን አላለም።

እስቲ የኛን ደም ማድረቅ አስቡት። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ የሟች ቤተሰብ ልቡ እስኪራራ ይለመናል፣ ካሳውን የገዳይ ዘመድ አዋጥቶ ይከፍላል። መስቀሉ ላይ ግን ሽማግሌ የላከው ተበዳዩ ራሱ ነው፤ ካሳውንም የከፈለው እሱ ነው፤ ያውም እኛ ገና ጠላቶች ሳለን፣ እንታረቅ ብለን ሳንለምን (ሮሜ 5፥10)። ቁጣ የሚባል ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ግን ወልድ በመለኮቱ ከአብ ጋር እኩል ነው እያልን በየቀኑ ጸሎተ ሃይማኖት እየደገምን፣ ለአንዱ የጨካኝ፣ ለሌላው የሩኅሩኅ ልብ ልንሰጣቸው አንችልም።

መስቀሉ እንዴት እንዳዳነን አንድ ማብራሪያ ብቻ አለ ብሎ ድርቅ ማለት

«ቅጣታችንን ተቀበለ» የሚለው ኢሳይያስ 53 ላይ አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት መምህራኑ እነ ካልቪን አጥብቀው አስተምረውታል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1098 ገደማ፣ በእንግሊዝ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም በኃጢአት ለተነካው የእግዚአብሔር ክብር ካሳ ያስፈልግ ነበር ብሎ ጽፏል። የ4ኛው ክፍለ ዘመን አባቶች፣ እነ አትናቴዎስ፣ አብዝተው የሚያነሱት ሞትን በሞቱ ማጥፋቱን ነው። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ደግሞ ደሙ ለማን ተከፈለ ብሎ ጠይቆ፣ ለሰይጣን ማለት ስድብ ነው፣ አብም ተቀበለው እንጂ አምጡ አላለም ሲል መልሷል። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ጋ የአዳም መቃብር የሚባለውን ያየ ሰው፣ ሞትን በሞቱ አጠፋ የሚለው ቶሎ ይገባዋል፤ መስቀሉ የተተከለው አዳም በተቀበረበት ነው የሚለው ትውፊት እዚያ በድንጋይ ተፈልፍሏል።

ስግደትና ቀኖናን እንደ ዋጋ መቁጠር

መስከረም 21 ግሸን መውጣት ደስ ይላል። የስቅለት ስግደትም እንደዚያው። ግን ይቅርታ አይገዛበትም፤ ቀኖናም የሚሰጠው ንስሐ የገባው ሰው እንዲጸና ነው።

መከራን ሁሉ ቅጣት ማድረግ

የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ያዩ ሰዎች «በኃጢአታችን ነው» ሲሉ ትሰማላችሁ። ሰው ልጁን ቀብሮ እንዲህ ሲል መስማት ያማል። ዝናብ ቀርቷል፣ አዎ፤ ግን የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ደብቋል፣ በ77ቱም ጦርነት ነበር። ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን እግዚአብሔር ላይ ይለጠፋል? ኢየሱስ ስለ ሰሊሆም ግንብ ያለውን አንብቡ (ሉቃስ 13)። ግንቡ 18 ሰው ገደለ። እሱ ግን ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀና አይደለም አለ። ሁላችሁም ንስሐ ግቡ ማለቱ አልቀረም፤ የሟቾቹን ኃጢአት ግን አልቆጠረም።

ይቅር ማለትን ከዝም ማለት ጋር መደባለቅ

ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ክርስቲያን አይደለሽ፣ ይቅር በይና ተመለሺ» ብሎ መሸኘት ኃጢአት ነው። ይቅርታዋ ሌላ፣ ወደ ዱላው መመለሷ ሌላ። በጦርነት ንብረቱ የተዘረፈውን፣ ወንድሙ የተገደለበትንም ሰው በአንድ ስብከት «እርሳው» አትበሉት። ቂሙን ለእግዚአብሔር ይስጥ፣ ፍርድ መጠየቅ ግን መብቱ ነው። ዘኬዎስ ይቅርታ ሲያገኝ የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ተነሳ እንጂ ያለፈው አለፈ አላለም። ስለዚህ የበደለ ሰው ልታስታርቁት ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚመልስ ጠይቁት፤ ተበዳዩንም ጊዜ ስጡት።