የማዕድን ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የማዕድን ማውጫ ከፍለጋ እስከ መዘጋት በርካታ አሥርት ዓመታት ሲፈጅ፣ ኩባንያውን የሚመራው ሰው በወንበሩ ላይ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በታች ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ሥረ መሠረታቸው ይኸው አለመመጣጠን ነው፤ መሪው ዛሬ የወሰነው ውሳኔ ዕዳው የሚመጣው ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ውሳኔው ላይ ድምፅ ባልነበራቸው ሰዎች ላይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት ዋጋ በናረበት ወቅት ትልቅ ግዢ መፈጸም ነው። የብረታ ብረት ዋጋ ሲወጣ ካዝና ይሞላል፣ ብድርም በቀላሉ ይገኛል፤ የሚገዛው ኩባንያ ግን በዚያው ጊዜ እጅግ ይወደዳል። ግዙፉ የማዕድን ኩባንያ ሪዮ ቲንቶ በ2007 የካናዳውን የአሉሚኒየም አምራች አልካንን በ38 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በጃንዋሪ 2013 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቶም አልባኔዝ ከኃላፊነት ሲለቁ፣ ኩባንያው በዋነኛነት ከአልካንና ከሞዛምቢክ የድንጋይ ከሰል ይዞታው የተነሣ ከንብረቶቹ ዋጋ ላይ 14 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚቀንስ አስታወቀ።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ ሕጋዊ ፈቃድን ከሕዝብ ይሁንታ ጋር ማምታታት ነው። በሜይ 2020 ይኸው ሪዮ ቲንቶ በምዕራብ አውስትራሊያ የብረት ማዕድን ማውጫውን ለማስፋት በጁካን ሸለቆ የነበሩ ጥንታዊ የዋሻ መጠለያዎችን በፈንጂ አፈረሰ፤ ከመካከላቸው አንዱ የሰው ልጅ ከ46,000 ዓመታት በፊት ጀምሮ ሲገለገልበት እንደነበር ማስረጃ የተገኘበት ነበር። ኩባንያው ከ2013 ጀምሮ የመንግሥት ፈቃድ በእጁ ነበረ። በ2014 የተካሄደው ቁፋሮ የሥፍራውን ታላቅነት ቢያሳይም ዕቅዱ አልተለወጠም። በኋላ በፓርላማ ምርመራ እንደተገለጸው፣ ለማስፋፊያው ከታሰቡት አራት አማራጮች ሦስቱ ዋሻዎቹን የማይነኩ ነበሩ፤ የምድሩ ነባር ባለቤቶች የሆኑት የፑቱ ኩንቲ ኩራማና ፒኒኩራ ሕዝቦች ግን ስለ እነዚያ አማራጮች አልተነገራቸውም። ቦርዱ በመጀመሪያ የኃላፊዎቹን ቦነስ ብቻ ቀነሰ፤ ባለአክሲዮኖች ተቆጥተው ሲነሡ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዣን ሴባስቲያን ዣክና ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች እንደሚለቁ በሴፕቴምበር ተነገረ። የጠፋው ቅርስ ግን በማንም ስንብት አይመለስም።

ከመንግሥት ጋር የተፈረመ ውልም ቢሆን ይሁንታን አይተካም። በፓናማ የአገሪቱ ምክር ቤት ፈርስት ኳንተም ለተባለው የማዕድን ኩባንያ ግዙፍ የመዳብ ማውጫ በ2023 አዲስ ውል ካጸደቀ በኋላ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሉን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ሻረው፤ ማውጫውም ሥራ አቆመ።

ሦስተኛው የዝቃጭ ግድብን፣ ማለትም ማዕድኑ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ጭቃማ ተረፈ ምርት የሚያቁረውን ግድብ፣ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ነው። በ2015 በብራዚል ማሪያና የማዕድን ኩባንያዎቹ የቫሌና የቢኤችፒ የጋራ ንብረት የሆነው የሳማርኮ ኩባንያ ግድብ ፈርሶ 19 ሰዎች ሞቱ። በ2017 የቫሌን አመራር የተረከቡት ፋቢዮ ሽቫርትስማን «ማሪያና ዳግም አይደገምም» የሚል መርሕ ይዘው ተነሡ፤ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ግን የኩባንያው ሌላ ግድብ በብሩማዲንዮ ተደርምሶ 270 ሰዎች አለቁ። ግድቡ አዲስ ዝቃጭ መቀበል ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የውጭ መርማሪ ድርጅትም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አስተማማኝ ነው ብሎ መስክሮለት ነበር። የሠራተኞቹ የመመገቢያ አዳራሽና ቢሮዎች ከግድቡ በታች፣ ጎርፉ በሚሄድበት መስመር ላይ ነበሩ። ይህን ለማየት የምሕንድስና ዲግሪ አያስፈልግም፤ ሥፍራው ድረስ ሄዶ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ መስፈርት ለግድቦች ኃላፊ የሆነ ሥራ አስፈጻሚ በቀጥታ ለዋናው ሥራ አስፈጻሚ ተጠሪ እንዲሆን የጠየቀው፣ የመሐንዲሱ ስጋት በመካከለኛ አለቆች እጅ ተለዝቦ እንዳይቀር ነው።

የመጨረሻው፣ የሠራተኛ ሞት የሥራው ባሕርይ ያመጣው ነው ብሎ መቀበል ነው፤ የመሪው ቦነስ በዋናነት በቶን ብዛት ሲለካ ይህ እምነት ሥር ይሰዳል። ሲንቲያ ካሮል በ2007 አንግሎ አሜሪካን የተባለው የማዕድን ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በሆኑበት ዓመት፣ በደቡብ አፍሪካ ረስተንበርግ የፕላቲኒየም ማውጫ ሠራተኞች በተደጋጋሚ ሲሞቱ ማውጫውን ለሳምንታት ዘጉት፤ ሠራተኞቹም እንደገና ሠልጥነው ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ።