በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ፈተናዎች ላይ በቀይ የማሰምርባቸው ስህተቶች

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መግቢያ ኮርስ ፈተና ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬ ዓመት ዓመት የሚያርፈው እዚያው ቦታዎች ላይ ነው። ለፈተና የሚዘጋጅም ሆነ እነዚህን ጽንሰ ሐሳቦች በጽሑፍና በንግግር የሚጠቅስ ሰው ቢያውቃቸው ይጠቀማል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቀዳሚው የኪቲ ጄኖቪዝ ታሪክ ነው። ይህች ወጣት በመጋቢት 1964 ኒውዮርክ ክዊንስ ውስጥ ሌሊት በስለት ተወግታ ተገደለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ ታይምስ 38 ጎረቤቶች ግድያውን እያዩ ዝም እንዳሉ ጻፈ። ተማሪዎቼም «38 ሰዎች በመስኮት ቆመው ተመለከቱ፤ አንድም የረዳት አልነበረም» ይሉኛል። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። አብዛኞቹ ጩኸት ሰሙ እንጂ ግድያ አላዩም። ሁለተኛው ጥቃት የተፈጸመው ከመንገድ በማይታይ የሕንፃ መግቢያ ውስጥ ነው። አንድ ጎረቤት ከመስኮቱ ጮሆ ገዳዩን ለጊዜው አባርሮት ነበር፤ ሶፊያ ፋራር የተባለች ጎረቤቷ ደግሞ እየሮጠች ወርዳ አቅፋት ቆይታለች። ጋዜጣው ራሱ በ2016 የያኔው ዘገባው ጉድለት እንደነበረበት አምኗል።

ዘገባው የተጋነነ ቢሆንም ያስነሳው ጥያቄ መልካም ነበር፦ ሌሎች ሰዎች መኖራቸው አንድን ሰው ከመርዳት ያግደዋል ወይ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ በ1968 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች በየክፍላቸው ለብቻ ተቀምጠው በድምፅ ማገናኛ ሲወያዩ አንደኛው የሚጥል በሽታ የተነሣበት መስሎ ይሰማል። የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካመነው ወገን 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ እርዳታ ለመጥራት ወጣ፤ ሌሎች አራት ሰዎች ይሰማሉ ብሎ ካሰበው ወገን የወጣው 31 በመቶው ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ሰው በበዛበት ማንም አይረዳም» ማለት ሌላ ስህተት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ እያንዳንዱ ሰው የመነሣት ዕድል እንጂ ተጎጂው ረዳት ስለማግኘቱ አይደለም። በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን የደኅንነት ካሜራዎች የቀረጿቸውን 219 የአደባባይ ግጭቶች የመረመሩ አጥኚዎች፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ለመገላገል እንደገባና ሰው በበዛ ቁጥር ይህ ዕድል ከፍ እንደሚል አግኝተዋል። ደግሞም በዳርሊና ላታኔ ሙከራ ከክፍላቸው ያልወጡት ግድየለሾች አልነበሩም። ተመራማሪዋ ስትገባ ብዙዎቹ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ «ልጁ ደኅና ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

የሰለሞን አሽን ሙከራ የሚጽፉ ተማሪዎች «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለውን ተረት ሳይጠቅሱ አያልፉም። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ለዚህ ሙከራ ግን ልኩ አይደለም። አሽ በ1950ዎቹ የመስመሮችን ርዝመት ሲያስመዝን፣ አስቀድሞ የተነገራቸው ተባባሪዎቹ አንድ ላይ ሆነው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከተሳታፊዎቹ መልሶች ወደ ሲሶ የሚጠጉት ስህተቱን ተከተሉ። ሲሶው የመልሶቹ ነው፤ «ከሦስት ሰው አንዱ» ብሎ መጻፍ ነጥብ ያስቀንሳል። ወደ ሩብ የሚጠጉት ተሳታፊዎች አንዴም እንኳ አልተከተሉም። ትክክለኛውን መልስ የሚናገር አንድ ሌላ ሰው ሲኖር ደግሞ ስህተቱ ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። ለእኔ የሙከራው ዋና ነገር ይህ የአንድ ሰው ጉልበት ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠቅሱት ያልፋሉ።

አሽንና ስታንሊ ሚልግራምን ማምታታትም የተለመደ ነው። በአሽ ክፍል ውስጥ የሚያዝ ሰው የለም፤ እኩዮች ብቻ ናቸው። በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የሚልግራም ጥናት ግን አንድ ተመራማሪ «ቀጥል» ይላል፤ በአንደኛው ሙከራ ከ40 ተሳታፊዎች 26ቱ በሐሰተኛው የኤሌክትሪክ ማሽን እስከ 450 ቮልት ደርሰዋል። ይህን 65 በመቶ ብቻ መዝግቦ «ሰው ሁሉ ታዛዥ ነው» ብሎ መዝጋት ጥናቱን ግማሽ ላይ መተው ነው። ተመራማሪው ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝ እስከ መጨረሻው የሄደው ከአምስት አንድ ገደማ ሆነ። ሁለት እኩዮች እምቢ ሲሉ ከ40 እስከ መጨረሻው የቀጠሉት አራት ብቻ ናቸው።

ስለ ውስጣዊ ቅራኔ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከግብዝነት ጋር አታምታቱት። ቅራኔው እምነቱና ድርጊቱ ሲጋጩ ሰውየው ራሱ የሚሰማው ምቾት ማጣት ነው። ሊዮን ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ በ1959 አሰልቺ ሥራ ያሠሯቸውን ሰዎች «አስደሳች ነበር» ብለው ለሌላ ሰው እንዲዋሹ ከፈሏቸው። በኋላ ሥራውን ከልባቸው የወደዱት 20 ዶላር የተከፈላቸው ይመስላሉ፤ ብዙ ተማሪም እንዲያ ይጽፋል። የወደዱት አንድ ዶላር ያገኙት ናቸው። አንድ ዶላር ለውሸት በቂ ሰበብ ስለማይሆን ሐሳባቸውን መለወጥ ቀለላቸው።

ጅምላ ፍረጃ፣ ጭፍን ጥላቻና አድልዎ እንደ ተመሳሳይ ቃላት መጻፋቸው ይብቃ። የመጀመሪያው እምነት፣ ሁለተኛው ስሜት፣ ሦስተኛው ድርጊት ነው።

የመጨረሻው ሊ ሮስ በ1977 መሠረታዊ የምክንያት አሰጣጥ ስህተት ብሎ የሰየመው ነው፤ የሌላውን ሰው ድርጊት ስንመዝን ሁኔታውን አሳንሰን ጠባዩን እናገንናለን። ትርጉሙን አሳምረው የጻፉ ተማሪዎች በቀጣዩ ገጽ «የሚልግራም ተሳታፊዎች ጨካኞች ነበሩ» ይላሉ። እኔም ብሆን አልዳንኩም። አምና የ38ቱን ተመልካቾች ታሪክ እንዳለ በጻፈ ተማሪ ወረቀት ጠርዝ ላይ «አላነበብክም» ብዬ ጽፌ ነበር። ልጁ በማግሥቱ መማሪያ መጽሐፉን ይዞ ቢሮዬ መጣና ገጹን ገለጠልኝ። ዐረፍተ ነገሩ ቃል በቃል እዚያ ነበር። የጻፍኩትን ሰርዤ ነጥቡን መለስኩለት።