አሮጌ ቤት ከትንንሽ ልጆች ጋር ሲታደስ

አሮጌ ቤት ስታድሱ ለልጆቹ ከመዶሻውም ከመሰላሉም ይልቅ አቧራውን ፍሩላቸው። የድሮ ቀለም ብዙ ጊዜ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ብዙ አገሮችም ከዚያ ዘግይተዋል። የሚድህ ሕፃን ብናኙን በእጁ እየጠረገ ወደ አፉ ይወስደዋል፤ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ ክፍል በክፍል ሂዱ። ቀድሞ የሚያልቀው የልጆቹ መኝታ ይሁን፤ ካለቀ በኋላ የሥራ ጫማና ልብስ ደጁን አይለፍ። የምትሠሩበትን ክፍል በር ዙሪያውን በወፍራም ላስቲክና በስኮች አሽጉ። መተላለፊያ ካስፈለገ ላስቲኩን መሃሉን ሰንጥቁና ሌላ ላስቲክ ከላይ ብቻ ለጥፋችሁ እንደ መጋረጃ ልቀቁበት።

ያልተላጠ፣ ያልተሰነጠቀ የድሮ ቀለም ካለ አትንኩት፤ በላዩ መቀባት ይሻላል። መፋቅ ግድ ከሆነ ልጆችና ነፍሰ ጡር ከቤት ይውጡ፣ ጽዳቱ ሳያልቅም አይመለሱ። የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ አጥፉ፣ ለብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ፣ ግድግዳውን በውሃ መርጫ አርጥቡ፤ አንድ ክንድ ያህል ፍቃችሁ እንደገና አርጥቡ። ደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ብናኙን አየር ላይ ይበትነዋል፣ በእሳት ማላጥ ደግሞ መርዙን ጭስ ውስጥ ይጨምረዋል። መስኮት ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ፍሬሙ እየተፋተገ ቀለሙን ይፈጨዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጽዳቱ ላይ ነው። መጥረጊያ የረጋውን ብናኝ ያስነሳል፣ ተራ ቫኪዩም በኋላው ይተፋዋል። ሄፓ የሚባለው፣ በጣም ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ሳቡ፣ ከዚያ በሁለት ባልዲ ወልውሉ፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ውሃው በጠቆረ ቁጥር ይቀየር። ሥራው እንዳለቀ ባልዲውን ድፉ፤ ሕፃን ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል።

የድሮው ጣሪያ ወይም የቧንቧው መጠቅለያ አስቤስቶስ የሚባለው፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን እንዳለበት ከጠረጠራችሁ አትብሱት፣ አትስበሩት። በዓይን አይለይም፤ በላቦራቶሪ ይመርመር፣ የሚያነሳውም የሠለጠነ ባለሙያ ይሁን።

ልጆቹ ማገዝ ይወዳሉ፣ መከልከልም የለባቸውም፤ ብቻ የሚሰጣቸው ንጹሑ ሥራ ይሁን። የአራት ዓመት ልጅ በታደሰ ክፍል ውስጥ ከወለል እስከ ደረቱ ያለውን ግድግዳ በውሃ ቀለም መቀባት ይችላል። 10 ሳንቲሜትር ሮለር ስጡት፤ ቀለሙን እናንተ በጥቂቱ ቅዱለት፣ ሮለሩ ከጠገበ ይንጠባጠባል። የቀባውን ሳይደርቅ ከላይ ወደ ታች አንዴ አስተካክሉለት፤ ከደረቀ መገናኛው መስመር ሆኖ ይቀራል። 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ለሁለት ዓመቱ ካርቶን፣ ብሩሽና ንጹሕ ውሃ። ብሎን አታስለቅሙት፣ ያንቀዋል። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራ ቆዳ ስለሚያቃጥል ለትልቁም ለትንሹም አይሰጥም።

ማታ ማግኔት ወለሉ ላይ እየጎተታችሁ ምስማር ልቀሙ፤ የሥራ ልብስ ለብቻው ይታጠብ፤ ልጆቹን ከማቀፋችሁ በፊት ታጠቡ። የድሮ ቀለም በተፋቀበት ቤት የከረመ ልጅ ደሙ ለሊድ ይመርመር፤ መመረዙ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይቆያል።