የሰርቮ ድራይቭ ቦርድ ከማዘዝዎ በፊት

ማሽን በሰርቮ ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነትና ቦታ በሚቆጣጠረው መሣሪያ) ብልሽት ሲቆም ግዥ ክፍል የሚደርሰው መጠየቂያ ብዙ ጊዜ «ሰርቮ ቦርድ፣ 1 ፍሬ» ብቻ ይላል። በዚህች መስመር ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ርካሹ ያሸንፋል፣ መልኩ ልክ የሆነ ማሽኑን ግን የማያስነሳ ቦርድ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ጥፋቱ የሻጩ አይደለም።

መጀመሪያ የሞተው የቱ እንደሆነ ይለዩ። ድራይቭ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ቦርድ አለ፦ ትእዛዝ ተቀብሎ ኢንኮደሩን (ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚነግረውን ሴንሰር) የሚያነበው የኮንትሮል ቦርድ፣ እና ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው የፓወር ቦርድ። ስክሪኑ ጭራሽ ካልበራ ለኮንትሮል ቦርዱ የሚገባውን ኤሌክትሪክና ፊውዙን ይለኩ፤ እንደ ድራይቩ ዓይነት 24 ቮልት ዲሲ ወይም 220 ቮልት ኤሲ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ በርቶ የኢንኮደር አላርም ካወጣ ደግሞ ቦርዱን ከመወንጀል በፊት ኬብሉን ይፈትሹ። ቀኑን ሙሉ የሚተጣጠፍ ኬብል ውስጡ ተበጥሶ ላዩ ደህና ይመስላል።

ክዳኑን ሊከፍቱ ሲሉ ብሬከሩን አጥፍተው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። 380 ቮልት የሚገባው ድራይቭ ካፓሲተሮቹ ላይ 537 ቮልት ግድም ዲሲ ያጠራቅማል። በፒ እና በኤን (የዲሲው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተርሚናሎች) መካከል ከ50 ቮልት በታች መውረዱን ሳይለኩ እጅዎን አያስገቡ። ከዚያ የሞተሩን ገመዶች ከዩ፣ ከቪ እና ከደብልዩ ይፍቱና መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ ያድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ ፒ ላይ አኑረው ቀዩን በሦስቱ ላይ በየተራ ሲነኩ 0.3 እስከ 0.5 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይገባል፤ ቀዩን ኤን ላይ አድርገው በጥቁሩ ሦስቱን ሲነኩም እንዲሁ። ጫፎቹን ሲያገላብጡ ምንም ማንበብ የለበትም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካለ አይጂቢቲው (ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር) ሾርት ሆኗል፤ እሱን ትቶ አዲስ የጌት ድራይቨር ቦርድ (አይጂቢቲውን የሚያዘውን) መግጠም አዲሱንም ማቃጠል ነው።

ሞተሩንም ይመርምሩ። ከድራይቩ ከተፈታ በኋላ፣ የኢንኮደሩ ሶኬት ተነቅሎ፣ በ500 ቮልት ሜገር (የገመድ ሽፋን መከላከያ መለኪያ) ከ10 ሜጋኦም በታች ካሳየ የመጀመሪያውን ቦርድ የገደለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሜገር ድራይቩ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም።

አሁን ቁጥሩ። መጠየቂያው ላይ የድራይቩ ሙሉ ሞዴል፣ ቦርዱ ላይ የታተመው የራሱ ቁጥር እና የሞተሩ ሞዴል ይጻፍ፤ የቦርዱ ፊትና ጀርባ ፎቶም ይያያዝ። ፋኑክ ላይ ድራይቩ በኤ06ቢ ሲጀምር ውስጡ ያለው ቦርድ በኤ16ቢ ወይም በኤ20ቢ ይጀምራል፤ ከእዝባሩ በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ቁጥርና ፊደል የቦርዱን ስሪት ትናገራለችና አትቆረጥም። ያስካዋ ኤስጂዲቪ-2አር8ኤ01ኤ ሲል 2አር8 ማለት 2.8 አምፔር፣ ቀጥሎ ያለው ኤ 200 ቮልት፣ 01 ደግሞ በአናሎግ ወይም በፐልስ የሚታዘዝ ማለት ነው። በ01 ፋንታ 11 ከሆነ ትእዛዙ በኔትወርክ ይመጣል፤ ሶኬቱ ራሱ ይለያል። በኤ ፋንታ ዲ ከሆነ 400 ቮልት ነው። በትራንስፎርመር 220 ቮልት ሲያገኝ የኖረ ማሽን ላይ የ400ው ድራይቭ በዝቅተኛ ቮልቴጅ አላርም ይቆማል። ተገላቢጦሹ የከፋ ነው፤ የ200ው 380 ላይ ሲሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

ቦርዱ ጠፍቶ ሙሉ ድራይቭ ለመግዛት ከተገደዱ ከፍታውን ያስቡ። ብዙ ድራይቮች ሙሉ አቅማቸው የተሰላው እስከ 1000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ይደክማል፣ የተለመደው ቅናሽም በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ነው። ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆነች የ10 አምፔር ድራይቭ ወደ 9.2 ይወርዳል። ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ 8.6 እንኳ አይሞላም። ከ2000 ሜትር በላይ ጨርሶ የማይፈቅዱ ሞዴሎችም ስላሉ ደሴ ላይ ማኑዋሉ መነበብ አለበት። ሞተሩ በሙሉ ጭነት የሚሠራ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ድራይቭ ይምረጡ፤ ግን ያንን ሞተር መቀበሉን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ያረጋግጡ። የማይቀበል ከሆነ ሚትሱቢሺ ኤኤል.1ኤ፣ ያስካዋ ኤ.050 የሚል አላርም አውጥተው እንቢ ይላሉ።

ያገለገለ ቦርድ ርካሽ ነው፤ በጭነት ተፈትኖ ካልተሸጠ ግን ቁማር ነው። ያበጠ ካፓሲተር፣ በሙቀት የጠየመ ቦታ፣ በአሮጌ ላይ የተለጠፈ አዲስ ስቲከር ካዩ ይተዉት።

አሮጌው ከመነቀሉ በፊት ፓራሜትሩን ኮፒ ያድርጉ፣ የዲፕና የሮታሪ ስዊቾቹን አቀማመጥ ፎቶ ያንሱ። ፍጹም ቦታ የሚይዝ ኢንኮደር ያለው ማሽን የ3.6 ቮልት ባትሪው ከተነቀለ መነሻ ቦታውን ይረሳል፤ ያን ጊዜ ያስካዋ ኤ.810፣ ሚትሱቢሺ ኤኤል.25 ያወጣል፣ መነሻውም እንደገና ይያዛል። ሂትሲንኩ (ሙቀቱን የሚያስወጣው ብረት) ላይ የተጠቀጠቀውን የጥጥ ብናኝም ሳይጠርጉ አዲሱን አይግጠሙ፤ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ፋኑ እየዞረ ድራይቭ የሚጋየው በዚህ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩት ሞተሩ ከማሽኑ ተላቅቆ ይሁን፤ በዝግታ በጆግ (በእጅ ትእዛዝ) ያዙሩት፣ አቅጣጫው ልክ ከሆነና ካልተንቀጠቀጠ ካፕሊንጉን (ሞተሩን ከማሽኑ የሚያያይዘውን) ይግጠሙ።